ሁለቱ ኮሎምቢያዎች፦ ስለ ጋዜጠኝነት ትምህርት ቤቶች ታሪክ



ባለፈው ዓመት የወር መዋጮ በምንከፍልበት እሑድ አንድ ጎረቤቴ ልጁን አስከትሎ ወደ እኔ መጣ። ልጅቷ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳለች፤ ጋዜጠኛ መሆን ትፈልጋለች። አሜሪካን አገር ያለው አጎቷ በስልክ፣ «ጋዜጠኝነት ከሆነ ኮሎምቢያ ነው፤ ሌላ ቦታ አትድከሙ፤ ከተቀበሏት እኔ አለሁ» ብሏቸዋል። አባትየውም የደረሰውን እቁብ ለማመልከቻና ለፈተና ክፍያ ሊያውለው ቆርጧል። «ጋሼ፣ እርስዎ ዕድሜዎን በማተሚያ ቤት ነው የጨረሱት። እስቲ ይንገሩን፣ ደኅና ነው?» አለኝ። እኔም፣ «የትኛው ኮሎምቢያ?» ብዬ ጠየቅሁት። አባትና ልጅ ተያዩ።

እኔ በፊደል ለቃሚነት ተቀጥሬ በአራሚነት ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ እንጂ ኮሌጅ አልገባሁም። ነገር ግን የጋዜጠኞችን ጽሑፍ ሳርም ስለ ኖርኩ፣ ሰዎቹ ሙያውን የት ይማሩታል የሚለው ጥያቄ ዘወትር በሐሳቤ ይመላለስ ነበርና ስለ ታሪኩ ያገኘሁትን ሁሉ አነብ ነበር። ያን ቀን ለጎረቤቴ ያጫወትኩትን፣ ለሌሎችም ወላጆች ይጠቅም ይሆናል በማለት እነሆ በጽሑፍ አቅርቤዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በድሮ ጊዜ አሜሪካም ቢሆን ጋዜጠኛ የሚሠለጥነው በማተሚያ ቤት ነበር። ልጁ ወለል እየጠረገ ይገባል፤ ፊደል መልቀም ይለምዳል፤ ከዚያ አጫጭር ወሬ ይጽፋል፤ ዕድል ከቀናው አዘጋጅ ይሆናል። «ጋዜጠኛ ይወለዳል እንጂ አይማርም» የሚሉ አዘጋጆችም ብዙ ነበሩ። ኮሌጅ ይህን ሙያ ያስተምር የሚል ሐሳብ ካቀረቡት ቀደምት ሰዎች አንዱ፣ በእርስ በርሱ ጦርነት ባሪያ አሳዳሪውን የደቡብ ጦር የመራው ጄኔራል ሮበርት ሊ ነው። ከሽንፈቱ በኋላ በቨርጂኒያ የዋሽንግተን ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሆኖ ሳለ፣ በ1869 ጋዜጠኛ ለመሆን ለሚፈልጉ ወጣቶች ነጻ የትምህርት ዕድል እንዲሰጥ ሐሳብ አቀረበ። ተማሪዎቹ ከትምህርታቸው ጎን በማተሚያ ቤት እንዲሠሩም ታስቦ ነበር። ሊ ግን በ1870 ሞተ፤ ዕቅዱም ሥር ሳይሰድ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቀረ።

ነገሩ ፍሬ ያፈራው ከ38 ዓመት ያህል በኋላ በሚዙሪ ክፍለ ሀገር ነው። እዚያ ኮሎምቢያ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ የሚዙሪ ዩኒቬርሲቲም የሚገኘው በእርሷ ነው። አንደኛዋ ኮሎምቢያ ይህች ናት። በከተማዋ የሚታተም ጋዜጣ አዘጋጅ የነበረው ዋልተር ዊልያምስ፣ በማተሚያ ቤት ያደገ፣ ኮሌጅ ገብቶ የማያውቅ ሰው ነበር። ታዲያ እሱ ራሱ ከክፍለ ሀገሩ ጋዜጣ አሳታሚዎች ማኅበር ጋር ሆኖ ትምህርት ቤቱ እንዲቋቋም ለዓመታት ሲወተውት ኖረ። በመጨረሻም መስከረም 14 ቀን 1908 በአሜሪካ የመጀመሪያው ራሱን የቻለ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ተከፈተ። ዊልያምስ የመጀመሪያው ዲን ሆነ፤ ኋላም የዩኒቬርሲቲው ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደርሷል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንላለን፤ ይህ ሰው ግን ሳይማር ጠምጥሞ፣ ሌሎች ተምረው እንዲጠመጥሙ ደከመ።

እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ትምህርቱ በተጀመረበት በዚያው ዕለት ተማሪዎቹ ጋዜጣ አወጡ። ጋዜጣው የተማሪ መጫወቻ ሳይሆን የከተማው ሕዝብ ገዝቶ የሚያነበው፣ ስለ ፍርድ ቤቱ፣ ስለ ገበያውና ስለ ማዘጋጃ ቤቱ የሚዘግብ ነበር። ተማሪው ቢሳሳት ስሙን ያጠፋበት ሰው በማግሥቱ በር ላይ ይመጣበታል። በ1953 ደግሞ ዩኒቬርሲቲው የቴሌቪዥን ጣቢያ ከፍቶ ተማሪዎቹ በዚያም እንዲሠሩ አደረገ። ሥራውን እየሠሩ መማር ማለት ይህ ነው። ሴቶችም ከመጀመሪያው ጀምሮ ነበሩበት፤ በ1910 ሜሪ ፓክስተን የተባለች ወጣት ከትምህርት ቤቱ በመመረቅ የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች።

ሁለተኛው ኮሎምቢያ በኒው ዮርክ ከተማ ያለው ዝነኛው ኮሎምቢያ ዩኒቬርሲቲ ነው። የዚህ ታሪክ ባለቤት ጆሴፍ ፑሊትዘር ነው። በ1847 በሀንጋሪ ተወልዶ በ17 ዓመቱ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። እንግሊዝኛ በቅጡ ሳያውቅ ለሰሜኑ ጦር ተዋጋ፤ ከዚያ በሴንት ሉዊስ በጀርመንኛ ጋዜጣ ሪፖርተር ሆነ፤ ኋላም በሴንት ሉዊስና በኒው ዮርክ የታላላቅ ጋዜጦች ባለቤት ለመሆን በቃ። በ1890ዎቹ ጋዜጣው ሽያጭ ለማብዛት ወሬ ያጋንናል ተብሎ እስከ መወቀስ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ይኸው ሰው፣ ዓይኑ ሊጠፋ ተቃርቦ ሳለ፣ ጋዜጠኛ እንደ ሐኪምና እንደ ጠበቃ መማር አለበት ብሎ ተነሣ። በ1892 ለኮሎምቢያ ዩኒቬርሲቲ ገንዘብ ላቅርብ ቢል አልተቀበሉትም። በ1903 ግን 2 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት ተስማማ።

በዚያን ጊዜ አንድ ክርክር ተነሣ። የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት የነበሩት ቻርልስ ኤልየት ተማሪዎች ማስታወቂያና የጋዜጣ ንግድም ይማሩ አሉ። ፑሊትዘር ግን ንግዱ ይቅር፤ ታሪክ፣ ሕግ፣ ኢኮኖሚና ሥነ ምግባር ይማሩ ብሎ ሞገተ። ይህ ክርክር እስከ ዛሬ አልሞተም። ፑሊትዘር ከዩኒቬርሲቲው ጋር ባለመስማማቱ ሥራው ከሞቱ በኋላ እንዲጀመር አድርጎ በ1911 አረፈ፤ ትምህርት ቤቱ በ1912 ተከፈተ። መጀመሪያ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን ያስተምር ነበር። በ1935 ግን ይህን ትቶ፣ ዲግሪ ያላቸውን ብቻ የሚቀበል የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ሆነ።

እዚህ ላይ ስደርስ ጎረቤቴ፣ «እንዴ! ልጄ እኮ ገና ከሁለተኛ ደረጃ መውጣቷ ነው» አለ። ነገሩ ይኸው ነው። አጎትየው የሰማው ስም ትልቅ ነው፤ ነገር ግን የዚያ ትምህርት ቤት በር ለእሷ ጊዜው ገና ነው። የሚዙሪው ኮሎምቢያ ግን ለመጀመሪያ ዲግሪ ያስተምራል። በስም መመሳሰል እቁቡ ለማይሆን በር ሊፈስ ነበር።

ይህን ስል ሚዙሪን ብቻ እያመሰገንኩ እንዳይመስላችሁ፤ እሱም የሚያሳፍር ታሪክ አለበት። ሉሲል ብሉፎርድ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት በሚዙሪ ክፍለ ሀገር በካንሳስ ሲቲ አደገች። ጋዜጠኝነት ለመማር ስትነሣ የራሷ ክፍለ ሀገር ዩኒቬርሲቲ ጥቁር አይቀበልም ነበርና ድንበር ተሻግራ ወደ ካንሳስ ዩኒቬርሲቲ ሄደች፤ በ1932 ተመረቀች። ከዚያ በካንሳስ ሲቲ በጥቁሮች ጋዜጣ ላይ ስትሠራ ቆይታ፣ በ1939 ለድኅረ ምረቃ ትምህርት ወደ ሚዙሪ አመለከተች። ወረቀቷን አይተው ተቀበሏት፤ ለመመዝገብ ስትቀርብ ግን መልኳን አይተው መለሷት። ደጋግማ አመለከተች፤ ፍርድ ቤትም ሄደች። በ1942 ዩኒቬርሲቲው እሷን ከመቀበል ይልቅ፣ በጦርነቱ ምክንያት ተማሪ አነሰ ብሎ የድኅረ ምረቃውን ጋዜጠኝነት ዘጋ። በዚያው ዓመት በክፍለ ሀገሩ ባለው የጥቁሮች ዩኒቬርሲቲ፣ በሊንከን፣ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ተከፈተ። ሚዙሪ ጥቁር ተማሪዎችን መቀበል የጀመረው በ1950 ነው። ብሉፎርድ በዚያው በጋዜጣዋ ላይ ከ60 ዓመት በላይ ሠርታ አዘጋጅና አሳታሚ ሆነች። በ1989 ያ የመለሳት ዩኒቬርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጣት፤ እሷም የተቀበለችው በሩ ለተዘጋባቸው ጥቁር ተማሪዎች ሁሉ ስም መሆኑን ተናገረች።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ወላጅ ሊይዛቸው የሚገቡ አራት ጥያቄዎች አሉ።

አንደኛ፣ ትምህርት ቤቱ ለመጀመሪያ ዲግሪ ይቀበላል ወይ? ዝናው በድኅረ ምረቃ የሆነ እንደ ሆነ ለልጃችን አይረባትም።

ሁለተኛ፣ ተማሪው ሰው በሚያነበው ጋዜጣ ወይም ሰው በሚሰማው ጣቢያ ላይ ይሠራል ወይ? በየትኛው ዓመትስ ይጀምራል? አንዳንዱ ቦታ እስከ መጨረሻው ዓመት ድረስ ተማሪው አንድ ዜና ሳያወጣ ይቆያል።

ሦስተኛ፣ ከጋዜጠኝነት ሌላ ምን ያስተምራል? በዊስኮንሲን ዩኒቬርሲቲ ከ1905 ጀምሮ ያስተማረው ዊላርድ ብላየር፣ ከትምህርቱ ሩቡ ያህል ጋዜጠኝነት ይሁን፣ የቀረው ታሪክ፣ ኢኮኖሚና የመሳሰለው ይሁን የሚል አቋም ነበረው። እኔም በአራሚነቴ ያየሁት ይህንኑ ነው። ሰዋስው የሚያርም ሰው ይገኛል፤ ስለ በጀት የሚጽፈው ሰው በጀት ምን እንደ ሆነ ካላወቀ ግን ማንም አራሚ አያድነውም።

አራተኛ፣ በሩ ለማን ክፍት ነው? በብሉፎርድ ዘመን የሚመልሰው የቆዳ ቀለም ነበር፤ ዛሬ ለእኛ ልጆች በአብዛኛው የሚመልሰው ገንዘብ ነው። ስለዚህ ለውጭ አገር ተማሪ የሚሰጥ ነጻ የትምህርት ዕድል አለ ወይ፣ ያራቱ ዓመት ወጪ በጠቅላላ ስንት ነው ብሎ መልሱን በጽሑፍ መቀበል ያስፈልጋል። «አይዟችሁ እኔ አለሁ» የሚል ዘመድ ይመስገን፤ ግን እሱም ቁጥሩን አይቶ ይማል።

ልጅቷ ጥያቄዎቹን በደብተሯ ጻፈቻቸው። ለስድስት ትምህርት ቤቶች ራሷ ጽፋ ጠየቀች፤ አራቱ መለሱላት። ከእነሱ አንዱ ወጪው ከአጎቷ አቅም በላይ ሆኖ ተሰረዘ፤ አንዱ ደግሞ የተማሪዎች ጋዜጣ እንደሌለው ራሱ ገለጸ። የቀሩት ሁለቱ ናቸው፤ አባቷ እቁቡን ለእነሱ ማመልከቻ ይዞ ይጠብቃል። አጎትየውም መጀመሪያ ቅር ቢለውም ነገሩ ሲገባው፣ «እኔስ ስሙን ነበር የማውቀው» አለ።

ልጅ ለማስተማር የሚያስብ አባል ቢኖር፣ እሑድ ከመዋጮ በኋላ ከድንኳኑ ማስቀመጫ አጠገብ አልጠፋም። የማውቀውን አካፍላለሁ። ቸር ያቆየን።