ሁለቱ አውራ ስልኮችና የካርቱም ከተማ

«ከሁለቱ የትኛው ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ ሰውን ሲያከራክር የኖረ ነው። አባቶቻችን በጠመንጃና በበቅሎ ይከራከሩ ነበር፤ የዛሬው ወጣት ደግሞ በእጅ ስልክ ይከራከራል። በማስተምርበት የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም በአንድ የዕረፍት ሰዓት ሁለት ሠልጣኞች፣ አንደኛው ለአይፎን፣ ሁለተኛው ለሳምሰንግ ጋላክሲ ጥብቅና ቆመው ሲሟገቱ አገኘኋቸው። አንዱ ካሜራውን ያወድሳል፤ ሌላው ባትሪውን ያነሣል። ክርክሩ ደወል እስኪደወል ድረስ አልተቋጨምና በመጨረሻ ወደ እኔ ዞር ብለው «መምህር፣ እርስዎ ይፍረዱን» አሉኝ። እኔም «በየትኛው ከተማ? በስንት ዓመተ ምሕረት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ይህ ጽሑፍ ያ ጥያቄ ቀልድ እንዳልነበረ ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

ለምሳሌነት የመረጥኩት የካርቱምን ከተማ ነው። ምክንያቱም ሁለት ነው። አንደኛ፣ ካርቱም የጐረቤታችን የሱዳን ዋና ከተማ ስትሆን ከ1970ዎቹ ጀምሮ እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያን በስደትም በሥራ ፍለጋም ኖረውባታል፤ ደይምና ጀሪፍ የተባሉት ሠፈሮች ለብዙ ወገኖቻችን ሁለተኛ አገር ሆነው ቆይተዋል። ሁለተኛ፣ ከተማይቱ ሃያ ዓመት ያህል በአሜሪካ የኢኮኖሚ ማዕቀብ ሥር ስለ ነበረች፣ የአንድ ዕቃ ጥቅም በዕቃው ጥራት ብቻ እንደማይወሰን ከሌሎች ከተሞች ይልቅ በግልጽ ታሳያለች። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

የሁለቱ ስልኮች አመጣጥ

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ አስቀድመን የፉክክሩን መነሻ እንመልከት። አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የመጀመሪያውን አይፎን በጥር 2007 ለሕዝብ አስተዋውቆ በሰኔ ወር ለሽያጭ አቀረበው። የመተግበሪያ መደብሩን የከፈተው ደግሞ በሐምሌ 2008 ነው። የደቡብ ኮሪያው ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ የሚለውን አውራ ስልኩን በ2010 አወጣ። ይህ ስልክ የሚሠራው ጉግል በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ አንድሮይድ ሶፍትዌር ነው።

ሁለቱ ኩባንያዎች በገበያ ብቻ ሳይሆን በፍርድ ቤትም ተፋልመዋል። አፕል በሚያዝያ 2011 «ሥራዬን ቀድቶብኛል» ሲል ሳምሰንግን ከሰሰ፤ በነሐሴ 2012 በካሊፎርኒያ የተሰየመው የዳኞች ሸንጎ ሳምሰንግ ከ1 ቢልዮን ዶላር በላይ ካሣ እንዲከፍል ወሰነ። ገንዘቡ በይግባኝ ከተቀነሰና ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከደረሰ በኋላ በሰኔ 2018 በስምምነት ተዘጋ። የሚያስደንቀው ግን በዚሁ ዘመን ሁለቱ ባላንጣዎች ገዢና ሻጭም መሆናቸው ነው። አፕል በ2017 ላወጣው አይፎን ኤክስ የተጠቀመበትን የመስታወት ማሳያ የሠራለት የሳምሰንግ ድርጅት ነበር። እንግዲህ የሁለቱ ደጋፊዎች በየመንገዱ ሲጣሉ ባለቤቶቹ ይገበያዩ ነበር ማለት ነው።

ማዕቀቡና ምርጫው

ሱዳን በ1993 «ሽብርተኝነትን የሚደግፉ መንግሥታት» በሚለው የአሜሪካ መዝገብ ገባች። በኅዳር 1997 ደግሞ ፕሬዚዳንት ክሊንተን ባወጡት ትእዛዝ ሰፊ የንግድ ማዕቀብ ተጣለባት። የአሜሪካ ኩባንያ ያለ ልዩ ፈቃድ ዕቃም ሆነ አገልግሎት ለሱዳን መሸጥ ተከለከለ። በዚያው በ1997 ሞቢቴል የተባለው ኩባንያ በሱዳን የእጅ ስልክ አገልግሎት ጀመረ። ስልኩና ማዕቀቡ በአንድ ዓመት ገቡ ማለት ነው።

ታዲያ አይፎን ሲወጣ ለካርቱም ሰው ምን ሆነለት? በሕጉ መሠረት አፕል ስልኩን በሱዳን ሊሸጥ አይችልም፤ ነገር ግን ዕቃው በነጋዴና በመንገደኛ ሻንጣ ከዱባይና ከሳዑዲ ዓረቢያ እየመጣ በሱቅ አል ዓረቢ አካባቢ ይሸጥ ነበር። ችግሩ የሚጀምረው ከተገዛ በኋላ ነው። መደብሩ ሱዳንን በአገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለማያውቃት ባለ ስልኩ በሌላ አገር ስም መመዝገብ ነበረበት። የውጭ አገር የባንክ ካርድም በሱዳን ስለማይሠራ በገንዘብ የሚሸጥ መተግበሪያ መግዛት አይቻልም። የአይፎን ሶፍትዌር ደግሞ ከኩባንያው መደብር ውጭ በቀላሉ መተግበሪያ አይቀበልም። ስለዚህ ውድ ዋጋ የተከፈለበት ስልክ ግማሽ ጥቅሙን ድንበር ላይ ጥሎ ይገባ ነበር ቢባል ማጋነን አይደለም።

ጋላክሲውም ከማዕቀቡ ነፃ አልነበረም። ሳምሰንግ ኮሪያዊ ቢሆንም ሶፍትዌሩና የመተግበሪያ መደብሩ የአሜሪካው የጉግል ናቸው። ሆኖም አንድሮይድ መተግበሪያን እንደ ማንኛውም ፋይል ከስልክ ወደ ስልክ ለመቀባበል ይፈቅዳል። አንድ ሰው ያገኘውን ለጓደኛው፣ ጓደኛው ለጐረቤቱ ያስተላልፋል። ከዚህም በላይ እስከ 2014 ድረስ የወጡት የጋላክሲ ኤስ ስልኮች ባትሪያቸው የሚወጣና የማስታወሻ ካርድ የሚቀበሉ ስለ ነበሩ መብራት በሚጠፋበት፣ ኢንተርኔት በሚወደድበት ከተማ ይህ ቀላል ጥቅም አልነበረም። ሳምሰንግ በብዙ ሞዴሎቹ ሁለት ሲም ካርድ የሚይዙ ስልኮችን ሲያወጣ አይፎን ግን ሁለት መስመር መያዝ የጀመረው በ2018 ነው። በካርቱም ዜይን፣ ኤምቲኤንና ሱዳኒ የተባሉ ሦስት ኩባንያዎች ስለሚፎካከሩ አንዱ ሲደክም በሌላው መደወል የተለመደ ነበር።

ይህን ሁሉ ስንመለከት በ2012 በካርቱም «የትኛው ይሻላል?» ለሚል ሰው መልሱ በኒው ዮርክ ከሚሰጠው መልስ የተለየ ነበር። በኒው ዮርክ ሰው ሁለቱን መሣሪያዎች ያወዳድራል፤ በካርቱም ግን መሣሪያውን ከነሕጉ፣ ከነመብራቱና ከነመስመሩ ያወዳድራል።

የወገኖቻችን ደግሞ ሌላ መመዘኛ ነበራቸው። በመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ ስልኮች ብዙዎቹ ላይ ፊደላችን ባዶ ሣጥን ሆኖ ይታይ ነበር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ከገባበት ከ1999 በኋላ እንኳ ወደ እጅ ስልክ እስኪደርስ ዓመታት አልፈዋል። በካርቱም ቡና አፍልታ የምትሸጥ አንዲት ኢትዮጵያዊት ለእናቷ በላቲን ፊደል አማርኛ ስትጽፍ፣ የምትመኘው ስልክ ካሜራው የረቀቀውን ሳይሆን «እንደምን ነሽ እማዬ» የሚለውን በፊደሏ የሚያሳየውን ነበር።

ገንዘቡ ሲረክስ

በየካቲት 2015 የአሜሪካ መንግሥት የግል መገናኛ መሣሪያዎችና ሶፍትዌሮች ወደ ሱዳን እንዲገቡ ፈቀደ። በጥቅምት 2017 ደግሞ የንግድ ማዕቀቡ በአብዛኛው ተነሣ። ሆኖም የአገሪቱ ስም ከዚያ የቀድሞ መዝገብ የተሠረዘው በታኅሣሥ 2020 ስለ ሆነ እስከዚያ ድረስ ብዙ ባንኮችና ኩባንያዎች ወደ ሱዳን ለመግባት ያመነቱ ነበር።

በሩ ሲከፈት ግን ኪሱ ባዶ ሆነ። ከዚህ ላይ ተማሪዎች ሊያሰሉት የሚገባ ሒሳብ አለ። አይፎን ኤክስ በአሜሪካ ሲወጣ ዋጋው 999 ዶላር ነበር። በ2017 መጨረሻ በመንግሥት ምንዛሪ አንድ ዶላር ወደ 6.7 የሱዳን ፓውንድ ገደማ ስለ ነበረ ይህ ገንዘብ ወደ 6,700 ፓውንድ ይሆናል። በጥር 2018 ምንዛሪው 18 ፓውንድ ሲደረግ ወደ 18,000 ደረሰ። በጥቅምት 2018 ምንዛሪው 47.5 ሲሆን ከ47,000 አለፈ። በአንድ ዓመት ውስጥ ስልኩ አልተለወጠም፤ ዋጋው ግን ሰባት እጥፍ ሆነ። የጥቁር ገበያው ምንዛሪ ደግሞ ከዚህም የከፋ ነበር። ባንኮችም ጥሬ ገንዘብ አጥሯቸው ለደንበኞቻቸው በቁንጥር ይሰጡ ስለ ነበረ ሠራተኛው የራሱን ደመወዝ ለማውጣት ይሰለፍ ጀመር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ውድ ስልክ መያዝ ጌጥ ብቻ ሳይሆን ገንዘብን ከመርከስ የማዳኛ ዘዴም ሆነ፤ ፓውንዱ ሲወድቅ ስልኩ ግን በዶላር ዋጋ ይሸጣልና።

መስመሩ ሲቆረጥ

ካርቱም ከዓለም መቆረጥን የምታውቀው በስልክ ዘመን ብቻ አይደለም። በመጋቢት 1884 ጀኔራል ጎርደን በከተማይቱ ሳሉ የመሐዲ ተከታዮች ወደ ካይሮ የሚሄደውን የቴሌግራፍ መስመር ቆረጡት፤ ከተማይቱም ተከባ ቆይታ በጥር 1885 ወደቀች። የቴሌግራፍ መኪናው ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ሽቦው ከተቆረጠ ብረት ብቻ ነው።

ይህ ነገር ከ135 ዓመት በኋላ ተደገመ። በታኅሣሥ 2018 በኑሮ ውድነት የተነሣሣው ተቃውሞ እየሰፋ ሄዶ በሚያዝያ 11 ቀን 2019 ፕሬዚዳንት ዑመር አል በሽር ከሥልጣን ወረዱ። ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት ላና ሃሩን የተባለች ወጣት በእጅ ስልኳ ያነሣችው የአንዲት ነጭ ለባሽ ተማሪ ፎቶግራፍ በዓለም ሁሉ ተሠራጭቶ ነበር። ፎቶግራፉን ያየው የዓለም ሕዝብ ስለ ልጅቱ እንጂ ስለ ስልኩ ዓይነት አልተጨነቀም።

በሰኔ 3 ቀን 2019 በጦር ሠራዊቱ ጠቅላይ መምሪያ ፊት ለፊት የተቀመጡት ሰልፈኞች በኃይል ሲበተኑ ብዙ ሕይወት ጠፋ፤ ኢንተርኔትም ተዘጋ። ከአንድ ወር በላይ አይፎኑም ጋላክሲውም እኩል ሆኑ። በዚያ ወር አንድ ጠበቃ የስልክ ኩባንያውን ከስሶ ረታ፤ ነገር ግን ክሱን ያቀረበው በግል ስሙ ስለ ነበረ መስመሩ የተለቀቀው ለእርሱ ብቻ ሆነ። ጠበቃው ሌሎች ደንበኞችን ይዞ እንደገና ወደ ፍርድ ቤት ተመለሰ፤ በሐምሌ 9 ቀንም ኢንተርኔቱ ለሕዝብ ተከፈተ። በዚያ ወር በካርቱም ከተገኙት ስልኮች ሁሉ የተሻለው የቱ ነበር ብንል፣ የጠበቃው ስልክ ነው ከማለት በቀር ሌላ መልስ የለም።

ከሁሉ የከፋው በሚያዝያ 15 ቀን 2023 የመጣው ነው። በሠራዊቱና ፈጣን ድጋፍ በተባለው ኃይል መካከል ጦርነት ሲነሣ ባንኮች ተዘጉ፤ ጥሬ ገንዘብ ጠፋ። ባንካክ የተባለው የካርቱም ባንክ የስልክ መተግበሪያ ዳቦና መድኃኒት መግዣ ሆነ። በየካቲት 2024 ግን ሦስቱም የስልክ ኩባንያዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሥራ ወጡና ለብዙ ሰው ይህም ተቋረጠ።

የአክስቴ ልጅ በዚያ ጦርነት ወቅት በመተማ በኩል ወደ አገሯ ከተመለሱት አንዷ ናት። በሦስት ዓመት ደመወዝ ያጠራቀመችው ሀብቷ አንድ አውራ ስልክ ነበር። «እርሱን ለመኪና ከፈልሁት» አለችኝ። በቀሚሷ ጠርዝ ውስጥ ሰፍታ ያመጣችው ግን አሮጌና ቁልፍ ያላት ትንሽ ስልክ ነበረች። ከድንበር ማዶ ሆና «ደርሻለሁ» ብላ ለእናቷ የደወለችው በእርሷ ነው። ከሁለቱ አውራ ስልኮች የትኛውን እንደ ሸጠች ለመጠየቅ አፌን ከፍቼ ተውኩት።

ማጠቃለያ

ከዚህ የምንረዳው ምንድን ነው? አንደኛ፣ «የተሻለ» የሚለው ቃል ብቻውን አይቆምም፤ ለማን፣ የት፣ መቼ ከሚሉ ጥያቄዎች ጋር ካልተያያዘ ትርጉም የለውም። ሁለተኛ፣ ዕቃ ሲወዳደር ከጀርባው ያለው ሕግ፣ ገንዘብና መስመር አብሮ ይወዳደራል። ይህ ለስልክ ብቻ የሚነገር አይደለም፤ ለጠመንጃም፣ ለባቡርም፣ ለትምህርት መሣሪያም የሚሠራ የታሪክ መመዘኛ ነው።

ሠልጣኞቼ ፍርድ ጠይቀውኝ ነበርና ፍርዴን ልስጥ። በማዕቀቡ ዘመን ለካርቱም ነዋሪ ጋላክሲው ይሻል ነበር፤ ከ2018 በኋላ ልዩነቱ እየጠበበ ሄደ፤ መስመር በተቆረጠ ጊዜ ሁለቱም እኩል ነበሩ፤ በስደት ሰዓት ደግሞ ሦስተኛዋ በለጠቻቸው።

ለመምህራን፡- የሚከተሉትን ጥያቄዎች በክፍል ውስጥ ማወያየት ይቻላል።

1. ማዕቀብ የሚጣለው በመንግሥት ላይ ነው ይባላል፤ በካርቱም ሸክሙን የተሸከመው ማን ነበር?

2. አይፎን ኤክስን በ999 ዶላር ለመግዛት በ2017 መጨረሻና በጥቅምት 2018 ያስፈለገውን የሱዳን ፓውንድ አስልታችሁ የደመወዝተኛውን ሁኔታ አስረዱ።

3. በምትኖሩበት ቀበሌ ወላጆቻችሁ በወጣትነታቸው «የትኛው ይሻላል?» ብለው የተከራከሩበትን ዕቃ ጠይቁና ምርጫቸውን የወሰነው የዕቃው ጥራት ነው ወይስ ሌላ ምክንያት? ጽፋችሁ አቅርቡ።