ካህናትን ስለ ማሠልጠን፤ የፎራ ቤይ ኮሌጅ ታሪክ

የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን የሚሲዮን ማኅበር በፍሪታውን፣ በሲየራ ሊዮን፣ የፎራ ቤይን ኮሌጅ ያቋቋመው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1827 ዓ.ም. ነው። ዓላማውም አፍሪካውያንን ለወንጌል ሥራ ማሠልጠን ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ፣ ከባሪያ ነጋዴዎች መርከብ የዳነው ዮሩባዊው ሳሙኤል አጃዪ ክራውዘር፣ በኋላ በለንደን ተምሮ በ1843 ቅስና ተቀበለ፤ በ1864ም በካንተርበሪ ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ ተሾመ። ኮሌጁ በ1876 ከደረም ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተሳሰሩ ተማሪዎቹ ባሕር ሳይሻገሩ ዲግሪ ለማግኘት ቻሉ፤ ይህም በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም።

ይሁን እንጂ በእኛ አስተያየት፣ ትምህርቱን ለመስጠት የፈቀደው ማኅበር ሥልጣኑን ለመስጠት አመነታ። በ1890 ወጣት እንግሊዛውያን ሚሲዮናውያን የክራውዘርን ካህናት ከሥራ አገዱ፤ ሽማግሌውም ከገንዘብ ኮሚቴው ወጣ። በ1891 ሲያርፍ በመንበሩ የተተካው እንግሊዛዊ ነበር።