ብቻውን የሚበር አይሮፕላን ነጂ ፈቃዱ ከድንበር ማዶ ይጸናልን?

የሚሽን ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለሁ ለዕረፍት ወደ አዳማ ስመለስ፣ አውቶቡሱ ቢሾፍቱ ላይ በቆመ ቁጥር ዓይኔ ወደ ሐረር ሜዳ ነበር። አንድ ቀን ትንሽ የመለማመጃ አይሮፕላን ከሐይቁ በላይ ስትዞር፣ ከጎኔ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «አስተማሪው ወርዶለታል፤ ልጁ ዛሬ ብቻውን ነው» አሉኝ። እኔ ግን ሌላ ነገር አሰብሁ። ይህ ልጅ ሞያሌን ተሻግሮ ቢሄድ፣ ብቻውን እንዲበር የተሰጠው ፈቃድ እዚያም ይጸናለታልን?

ነገሩን ከመነሻው እንመልከት። የመጀመሪያው አይሮፕላን አዲስ አበባ የገባው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ጥቂት ቆይቶም አስፋው ዓሊና ሚሽካ ባቢቼፍ እዚሁ አገር ከፈረንሳውያን አስተማሪዎች ተምረው የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ነጂዎች ሆኑ። በዚያን ዘመን በአውሮፓ የሚሠራበት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1919 በፓሪስ የተደረገው ስምምነት ነበር። በእርሱ መሠረት ተዋዋዮቹ መንግሥታት አንዱ የሰጠውን የነጂነት ፈቃድ ሌላው ይቀበላል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ስምምነቱ የሚያምነው የሰውየውን ችሎታ ሳይሆን አይሮፕላኑ የተመዘገበበትን መንግሥት ምስክርነት መሆኑ ነው። በቺካጎ የተማረው ጥቁር አሜሪካዊ ጆን ሮቢንሰን በ1927 ዓ.ም. መጥቶ ለኢትዮጵያ ሲበር፣ እንደ እኔ አስተያየት ያበረረው የንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ እንጂ የአሜሪካ ወረቀት አልነበረም።

ዛሬ የምንሠራበት ውል በቺካጎ ከተማ ኅዳር 28 ቀን 1937 ዓ.ም. የተፈረመው ሲሆን፣ ሥራ ላይ የዋለው መጋቢት 26 ቀን 1939 ዓ.ም. ነው፤ ኢትዮጵያም በዚያው ዓመት አጽድቃዋለች። ከአንድ ወር በኋላ፣ በግንቦት፣ የስዊድኑ ካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን ሳፊር በምትባል ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አይሮፕላን ከስቶክሆልም ተነሥቶ የትም ሳያርፍ አዲስ አበባ ገባ። መንገዱ 6,220 ኪሎ ሜትር፣ ጊዜውም 30 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ነበር። ሳፊር በአንድ ነጂ የምትበር ዓይነት ናት፤ ኋላም የቢሾፍቱ ሠልጣኞች ተምረውባታል።

በውሉ 32ኛው አንቀጽ መሠረት ነጂው አይሮፕላኑ በተመዘገበበት አገር የተሰጠ ወይም ያ አገር ያጸደቀው ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። 33ኛው ደግሞ ይህን ፈቃድ ሌሎች እንዲቀበሉ ያዛል፤ ይህም ፈቃዱ የተሰጠበት መለኪያ በመንግሥታቱ ከተወሰነው ዝቅተኛ ልክ ካላነሰ ነው። ፈቃዱ ጉድለት ተጽፎበት እንደሆነ ግን በ40ኛው አንቀጽ መሠረት ባለቤቱ የሚገባበትን አገር መንግሥት ሳያስፈቅድ አይበርም።

እንግዲህ በአንድ ነጂ ለመብረር ለተሠራ አይሮፕላን የተሰጠ ፈቃድ ድንበር ይሻገራል ማለት ነው። ችግሩ የሚመጣው አይሮፕላኑ ሁለት ነጂ የሚያስፈልገው ሆኖ ሳለ አንድ መንግሥት በራሱ ሥልጣን «አንድ ይበቃል» ሲል ነው። አሜሪካ ለአንዳንድ ሴስና ሳይቴሽን ጄቶች እንዲህ ያለ ልዩ ፈቃድ ሰጥታለች። ይህ የአንድ አገር ምሕረት እንጂ የጋራ መለኪያ አይደለም፤ ስለዚህ ጎረቤትን የሚያስገድድ አይመስለኝም። ገንዘብ ተከፍሎበት መንገደኛ ሲጫንማ ልኩ ይጠብቃል። በሌሊት ወይም በመሣሪያ ብቻ እየተመሩ ብቻን ለመብረር፣ የድርጅቱ አገር መፍቀዱ ሳይበቃ፣ አይሮፕላኑ በፕሮፔለር የሚሄድ፣ ከ9 የመንገደኛ መቀመጫ ያልበለጠ፣ ሲነሣም ከ5,700 ኪሎ ግራም የማይከብድ መሆን አለበት። ለንግድ በድንበር ላይ ብቻውን የሚበር ነጂ 60 ዓመት ሲሞላው ያቆማል፤ ባልንጀራ ያለው ግን እስከ 65 ይቀጥላል።

የቢሾፍቱው ልጅስ? እርሱ የሚበረው የጦር አይሮፕላን ነው። የውሉ 3ኛ አንቀጽ የመንግሥትን አይሮፕላን ከውሉ ውጭ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ደረቱ ላይ ያለው ክንፍ የቱንም ያህል ቢያኮራ ሞያሌን አያሻግረውም። የሚያሻግረው መንግሥት ከመንግሥት ጋር የሚያደርገው ልዩ ስምምነት ነው።

በሲቪሉ በኩል የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሲቋቋም ነጂዎቹ አሜሪካውያን ነበሩ። ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን የሆኑት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1957 ነው። ብዙ ጊዜ የምንጠይቀው ባዕድ የእኛን ሰው ፈቃድ ይቀበላል ወይ ብለን ነው። 32ኛው አንቀጽ ግን ሁለተኛ ክፍል አለው፤ እኔንም ከሁሉ ያስገረመኝ እርሱ ነው። ማንኛውም መንግሥት ለገዛ ዜጋው ሌላ አገር የሰጠውን ፈቃድ በራሱ ሰማይ ላይ አልቀበልም ማለት ይችላል። አንድ የአዳማ ልጅ ቴክሳስ ተምሮ፣ ብቻውን እንዲበር ተፈቅዶለት ቢመለስ፣ በአዋሽ ሸለቆ ላይ ለመብረር ይህን ወረቀት እንድትቀበለው የምትገደድ አገር የለችውም፤ የገዛ አገሩም ብትሆን።