ሁለቱ 1985ዎች

ጋዜጣ ላይ ያለ ፎቶ እዚያው ገጹ ላይ የበቀለ ይመስላል። ጽሑፉ ተጻፈ፣ ፎቶው ጎኑ ገባ፣ አለቀ! እስቲ ዛሬ ይህ «ገባ» የምንለው ነገር ከየት እንደመጣ እንይ።

ነገሩ ከኮምፒውተር በፊት ይጀምራል። የማተሚያ መኪና ግራጫ የሚባል ነገር አያውቅም። ወይ ጥቁር ቀለም ያሳርፋል፣ ወይ ወረቀቱን ነጭ ይተወዋል። ስለዚህ ፎቶ እንዲታተም በትንንሽ ነጠብጣቦች መከፋፈል አለበት፤ ነጠብጣቡ ሲተልቅ ለዓይናችን ይጠቁራል፣ ሲያንስ ይነጣል። የኒውዮርኩ «ዴይሊ ግራፊክ» እ.ኤ.አ. ማርች 4 ቀን 1880 በዚህ ዘዴ ፎቶ አትሟል። ከዚያ ወዲህ ለረጅም ዘመን ፎቶው ለብቻው በትልቅ ካሜራ እንደገና ይነሳል፣ ጽሑፉ ለብቻው ይለቀማል፤ ገጽ የሚሠራው ሰው ደግሞ በመቀስ፣ በማስመሪያና በሙጫ ያገናኛቸዋል። አንድ ፎቶ ሁለት ሴንቲ ሜትር ይጥበብ ከተባለ ሥራው እንደገና «ሀ» ብሎ ይጀመራል።

ፖል ብሬነርድ ይህን ዓለም ያውቀዋል። ሚኒያፖሊስ ውስጥ ጋዜጣ ቤት ሠርቷል፣ ቀጥሎም ለጋዜጦች የኮምፒውተር ሥርዓት በሚያቀርበው አቴክስ። እ.ኤ.አ. በ1984 ሲያትል ላይ አልደስን መሠረተ፤ ስሙን የወሰደው ከቬኒሱ አታሚ ከአልደስ ማኑቲየስ ነው። በዓመቱ፣ በ1985፣ ፔጅሜከር ለማኪንቶሽ ወጣ። በዚያው ዓመት አፕል በአንድ ኢንች 300 ነጥብ የሚያትመውን ሌዘርራይተር 6,995 ዶላር ብሎ ለገበያ አቀረበ፤ ገጹን ለማተሚያው የሚያስረዳው ቋንቋ ደግሞ የአዶቤ ፖስትስክሪፕት ነበር። ሦስቱ ተገናኙና የመቀሱ ዘመን ማክተም ጀመረ።

በፔጅሜከር «ፕሌስ» የሚል ትዕዛዝ አለ። ምስሉን መርጠህ የምትፈልገው ቦታ ላይ ጠቅ ስታደርግ ቁጭ ይላል። ማሳነስ፣ መከርከም፣ ማንሳት ይቻላል። የሦስትና የአራት ሰው ሥራ በአንድ እጅ ገባ ማለት ነው። በ1986 አልደስ ቲፍ የተባለውን የምስል ዓይነት ይፋ ያደረገውም የተለያዩ ኩባንያዎች ስካነሮች በአንድ ቋንቋ እንዲግባቡ ነው።

እኛም የራሳችን 1985 አለን። በእኛ አቆጣጠር በጥቅምት 1985 ዓ.ም. የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 ወጣ፤ የግል ጋዜጦችና መጽሔቶች የአዲስ አበባን መንገዶች ሞሉ። አዋጁ መጻፍን ፈቀደ፤ ገጽን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሠርቶ ወደ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት መውሰድ ያስቻለው ግን ኮምፒውተሩ ነው። ሕግ ብቻውን ጋዜጣ አያወጣም።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን። ፔጅሜከር ትልልቅ ምስሎችን ሙሉ በሙሉ አይውጣቸውም ነበር። ገጹ ላይ የምናየው ደብዘዝ ያለ ጥላቸውን ነው፤ ፋይሉ የሚይዘው ዋናው ምስል የሚገኝበትን አድራሻ ነው። የኅትመት ሰዓት ሲደርስ ፕሮግራሙ ዋናውን ፍለጋ ይሄዳል። ፎልደሩ ስሙ ከተቀየረ ወይም ፎቶው ወደ ማተሚያ ቤት ሳይላክ ከቀረ የሚታተመው ጥላው ነው። አልደስ በ1994 ከአዶቤ ጋር ተዋሃደ፣ ኢንዲዛይን በ1999 መጣ፣ የፔጅሜከር የመጨረሻው እትም በ2001 ወጣ። ይህ የአድራሻ አሠራር ግን በኢንዲዛይንም አለ።

ታዲያ ለእኛ ምናችን ነው? ገጹን ብቻ ያስቀመጠ ዝግጅት ክፍል ፎቶውን አላስቀመጠም። ከዓመታት በኋላ ፋይሉ ሲከፈት ጽሑፉ ይነበብ ይሆናል፤ ፊቶቹ ግን የሉም። የቀረልን የተቀደደ ጋዜጣ ላይ ያለው ነጠብጣብ ብቻ ከሆነ፣ እሱን ስካን አድርጎ ፎቶውን መመለስ አይቻልም፤ ነጠብጣቡ ከያዘው በላይ የሚሰጠን ነገር የለውምና።

ስለዚህ ጋዜጣም፣ መጽሔትም፣ የክበብ በራሪ ወረቀትም የምትሠሩ ወዳጆቻችን፦ ዋናውን ፎቶ ከገጹ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ፤ ማን እንዳነሳውና መቼ እንደተነሳም ጻፉበት። ነገ ይህን ዘመን የሚጽፍ ሰው የሚፈልገው ጥላውን አይደለም።