ባንኮክ ለምትሄዱ፦ «ዛሬ ዝግ ነው» ቢሏችሁ አትመኑ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቦሌ በቀጥታ የሚበርባት ባንኮክ፣ የታይላንድ ዋና ከተማ፣ ጎብኚ አያጣትም። ብዙዎች መጀመሪያ የሚሄዱት በ1782 እ.ኤ.አ. መገንባት ወደጀመረው ታላቁ ቤተ መንግሥት ነው።

እዚያ አካባቢ ግን የቆየ ማጭበርበር አለ። ዘነጥ ያለ ሰው ጠጋ ብሎ «ዛሬ ዝግ ነው» ይላችሁና በርካሽ ቱክቱክ (የኛ ባጃጅ በሏት) ሌላ ቦታ ላስጎብኛችሁ ይላል። መጨረሻው ጌጣጌጥ ሱቅ ነው፤ ርካሹን ድንጋይ በውድ ያሸክሟችኋል፣ ሹፌሩም ኮሚሽኑን ይቀበላል።

የኛ ምክር፦ ማንንም ሳትሰሙ እስከ ትኬት መሸጫው ድረስ ሂዱ። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ፤ አለዚያ አያስገቧችሁም። ታክሲ ስትይዙ በቆጣሪ ይሁን በሉ። መንገዱ ከተጨናነቀ ከላይ የሚሄደው ባቡር ወይም የቻኦ ፕራያ ወንዝ ጀልባ ይሻላል።

የሚሄድ ወዳጅ ካላችሁ ሼር አድርጉለት።