ባዳን የመቅበር ዕዳ፤ የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታና የአዲስ አበባ ልማድ

በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በየካ ኮረብታ ግርጌ ሁለት ሥርዐቶች ባንድነት ይውላሉ። በየካ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን የመልአኩ በዓል ይከበራል፤ በየመንደሩ ደግሞ የተጠራቀመው ጥራጊ ከየጓሮው ወጥቶ ይቃጠላል። ይህ ሁለተኛው ሥርዐት «ኅዳር ሲታጠን» ይባላል። ጢሱ ክፉ በሽታን ያርቃል ተብሎ ስለሚታመን፣ የጤና ዐዋቂዎች ቆሻሻን ማቃጠል አየሩን የሚበክል መሆኑን ቢያስረዱም፣ ልማዱ ፈጽሞ አልጠፋም። መነሻው እንደሚባለው በ1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታ ነው። ያ በሽታ ለከተማው ሕዝብ የጤና ፈተና ብቻ አልነበረም፤ ለማያውቁት ሰው ሲሉ ነፍስን ለአደጋ መስጠት ይገባል ወይስ አይገባም የሚል የኅሊና ፈተናም ነበር።

በባሕር ማዶ ይህ ኢንፍሉዌንዛ በእስፓኝ ስም ቢጠራም ስሙ መነሻውን አያመለክትም። እስፓኝ በጦርነቱ ገለልተኛ ስለ ነበረች ጋዜጦቿ ስለ በሽታው ያለ ሳንሱር ጻፉ፤ ከዚህም የተነሣ ስሙ ተለጠፈባት። በመላው ዓለም የገደለው ሰው እስከ 50 ሚሊዮን እንደሚደርስ ይገመታል። የአውሮፓ ጦርነት የተኩስ ማቆም ውል የተፈረመው ኅዳር 2 ቀን 1911 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያው ወር በሽታው በአዲስ አበባ በርትቶ ነበር። ዘመኑ የንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ነው። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው በጽኑ ታመው ድነዋል፤ ኋላም «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፋቸው በከተማው የሞተው ሰው ከ10,000 በላይ እንደ ነበረ አመልክተዋል።

የቁጥሩ ብዛት የነገሩን ክብደት በሙሉ አይገልጠውም። በአገሩ ልማድ መሠረት ሰው ሲሞት ቀብሩ የቤተ ሰቡ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጎረቤት ሬሳውን ይገንዛል፤ ቃሬዛውን ይሸከማል፤ መቃብሩን ይቆፍራል፤ ለሐዘንተኛው ንፍሮ ያቀርባል፤ አብሮትም ይቀመጣል። በዚያ ወር ግን ከእነዚህ ተግባሮች እያንዳንዱ በሽታውን የመቀበያ መንገድ ሆነ። የገነዘው በማግሥቱ ይተኛል፤ ለቅሶ የተቀመጠው ደዌውን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። እንደሚተረከው፣ ቤተ ሰቡ በሙሉ ባንድ ጊዜ ስለ ወደቀ ውሃ የሚያቀብለው አጥቶ የሞተ ብዙ ነው፤ ባንድ ጉድጓድ ብዙ ሬሳ የተቀበረበት፣ በጥልቀት ያልተቀበረውንም ጅብ ያወጣበት ጊዜ ነበር።

በዚህ ጊዜ ከሁሉ የባሰው የባዳው ዕጣ ነበረ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ገና 32 ዓመቷ ነበር። ከነዋሪዋ ብዙው ከየጠቅላይ ግዛቱ ለውትድርና፣ ለጉልበት ሥራ፣ ለንግድ ወይም ለደጅ ጥናት የመጣ ነው። ዘመዱ በሩቅ አገር ያለ፣ ስሙን እንኳ የሰፈሩ ሰው የማያውቀው ሰው በመንገድ ዳር ሲወድቅ፣ ዕዳው የማን ነው? ልማዱ ለጎረቤት ግልጽ መልስ ነበረው፤ ጎረቤት ለሌለው ሰው ግን መልሱ ለመንገደኛው ኅሊና ተተወ።

የሃይማኖት ትምህርት ስለዚህ ነገር ዝም አላለም። በመጽሐፈ ጦቢት እንደሚነገረው፣ ጦቢት በነነዌ ሳለ ንጉሡ ሰናክሬም ያስገደላቸውን ሰዎች በስውር ይቀብር ነበር፤ ነገሩ በታወቀበት ጊዜም ሊገደል ስለ ተፈለገ ሸሸ፣ ሀብቱም ተወረሰ። በሕዝቡ ዘንድ ከዚህ ይልቅ የተወደደው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው፤ እርሱ የዳነው ለአንድ የተጠማ ድኻ በእመቤታችን ስም በሰጠው ጥርኝ ውሃ ነው። ሁለቱ ታሪኮች የሚያመሰግኑት አንድ ዐይነት ምግባር ቢሆንም፣ የሚጠይቁት ዋጋ እጅግ የተራራቀ ነው። የኅዳር በሽታ ግን ይህን ልዩነት አጠፋው፤ ጥርኝ ውሃ መስጠት ራሱ የጦቢትን ዋጋ የሚያስከፍል ሆነ።

ስለዚህ በዚያ ወር ደጁን የዘጋውን ሁሉ ጨካኝ ብሎ መጥራት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ደጁን የሚከፍት አባወራ የራሱን ነፍስ ብቻ ሳይሆን፣ ሳይጠይቃቸው የሚስቱንና የልጆቹንም ነፍስ ያስይዛል። በሌላ ወገን ግን ሁሉም እንዲህ አስቦ ደጁን ቢዘጋ፣ የባዳው ሞት የታወቀ ነው። እዚህ ላይ የሚታየው የደግና የክፉ ሰው ክርክር አይደለም፤ ሁለት እውነተኛ ዕዳዎች እርስ በርሳቸው መጋጨታቸው ነው።

የከተማው ሕዝብ ለዚህ ግጭት በኋላ ካገኛቸው መልሶች ዋናው ዕድር ነው። ስለ ዕድር አጀማመር ሊቃውንት አይስማሙም፤ አንዳንዶቹ ከጉራጌ አገር ወደ አዲስ አበባ ከመጡት ሰዎች ማኅበር ጋር ያያይዙታል፤ ሌሎችም የጣልያንን ወረራ ዘመን እንደ መስፋፊያው ይቈጥራሉ። አሠራሩ ግን ግልጽ ነው። አባላት በየወሩ ያዋጣሉ፤ ሞት ሲደርስ ገንዘቡ፣ ድንኳኑና ጉልበቱ ይቀርባል፤ ከቀብር የቀረ አባል ይቀጣል። ለአንድ ቤት ከባድ የነበረው ወጪ ለብዙ ቤት ይከፋፈላል። ጎረቤቱም ቢሆን ትናንት የመጣ ባዳ፣ ከተመዘገበ ወገን ይሆናል። ሆኖም መዝገቡ የሚያስገባ እንደ ሆነ የሚያስቀርም ነው፤ መዋጮ ያልከፈለው መንገደኛ ዛሬም ከመዝገቡ ውጪ ነው። ጦቢትም ቢሆን የቀበረው የገዛ ወገኑን ነበር።

ይህ ጥያቄ በ1911 ዓ.ም. እንዳልተዘጋ የእንጦጦ ኮረብታ ይመሰክራል። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑባት የእንጦጦ ማርያም፣ የኤች አይ ቪ ደዌ በጸናበት ዘመን ከየአገሩ ለጸበል የመጡ ሕሙማን መሰብሰቢያ ሆነች። ከነዚህ ብዙዎቹ ቤተ ሰባቸው ያገለላቸው ነበሩ። በጸበሉ አካባቢ የሚኖረው ሰው ቤቱን ሲያከራያቸው ከበሽታው ይልቅ የሰውን አፍ መፍራት ነበረበት። እዚህም ዋጋውን ያቀለለው የዋጋው መከፋፈል ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ መድኃኒቱ ያለ ክፍያ ይሰጥ ጀመር፤ በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ አስታወቁ፤ አንዳንድ ዕድሮችም ሙታንን ከመቅበር አልፈው የታመሙትን በሕይወት ሳሉ ወደ መርዳት ተሻገሩ።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት እንዲህ ሊጠቃለል ይችላል። ባዳን መርዳት ዋጋው በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ብቻ ሲወድቅ የጥቂቶች ምግባር ሆኖ ይቀራል፤ ማኅበር ሲካፈለው የብዙዎች ልማድ ይሆናል። ማኅበር ግን ካለቀ በኋላ እንጂ ከመጀመሩ በፊት አይገኝም። መዋጮው ከመሰብሰቡ፣ መዝገቡም ከመከፈቱ በፊት፣ ሊገደድ የማይችል አንድ ሰው አስቀድሞ ደጁን መክፈት አለበት። የኅዳር በሽታን ታሪክ የሚያጠና ሰው የሟቾቹን ብዛት ሲቈጥር፣ በዚያ ወር ለማያውቁት ሰው ውሃ ያቀበሉትንና ስማቸው በየትም ያልተጻፈውን ሰዎች ሊረሳቸው አይገባም።