ስንት ሊትር ይበቃል? ስለ ቅብ፣ ስለ ውሃና ስለ ላሊበላ ጣራዎች



የዛሬው ንግግሬ ከአንድ የአናጢ ጥያቄ ይነሣል። ውሃ እንዳያሰርግ የሚቀባ ነገር ስንት ሊትር ይበቃል? ለታሪክ መምህር የማይገባ ጥያቄ ይመስል ይሆናል። ሆኖም ከዋግ አጎራባች በሆነው በላስታ፣ ይኸው ጥያቄ በአገራችን ታላላቅ ሕንፃዎች ላይ ተነሥቶ ያውቃል፤ የተሰጠውንም መልስ ለመፋቅ ሌላ የጥገና ዘመን አስፈልጓል።

እ.ኤ.አ. በ1954፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት፣ ሴባስቲያኖ ኮንሶሌ የተባሉ ጣሊያናዊ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ሲጠግኑ ዓለቱ ሬንጅ ተቀባ፤ በላዩም ቀይ ቀለም ተደረበ። ሐሳቡ ቅን ነበር፤ ክረምቱ የሚያፈርሰውን ዓለት ከዝናብ መጋረድ። ስፍሩም ከባድ አይደለም። የቤተ መድኃኔ ዓለም ጣራ በግምት 34 ሜትር በ24 ሜትር ነው። ተዳፋቱን ብንተወው 816 ካሬ ሜትር ይሆናል። አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ስለሚፈጅ፣ ለዚህ ጣራ ብቻ 816 ሊትር፣ ማለትም ባለ 200 ሊትር በርሜል አራት ያህል ያስፈልጋል። ይህን ማንም ጸሐፊ በወረቀት ላይ ያወጣዋል።

ወረቀቱ የማያሳየው ግን የዓለቱን ጠባይ ነው። ከእሳተ ገሞራ የተገኘው የላሊበላ ዓለት ባለ ቀዳዳ ነው። ውሃ ከላይ ብቻ አይገባበትም፤ በዙሪያው ከተቆፈረው ጉድጓድ፣ ከሥሩም ይሳባል። የገባው ደግሞ በገጹ በኩል ተንኖ ሊወጣ ይገባዋል። ገጹን ሙሉ በሙሉ የዘጋ ሰው ዝናቡን ከውጭ፣ እርጥበቱን ከውስጥ አሰረ ማለት ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ የሳንድሮ አንጀሊኒ ቡድን መጥቶ ከሠራቸው ሥራዎች አንዱ ይህን ቅብ ማስወገድ ነበር። በ2008 ደግሞ መፍትሔው ከቅብ ወደ ጥላ ተዛወረ፤ አብያተ ክርስቲያናቱን የሚጋርዱ ግዙፍ መጠለያዎች ቆሙ። ስለ መጠለያዎቹ ክብደት የተነሣው ክርክር ራሱን የቻለ ንግግር ይፈልጋልና አልገባበትም።

የጣና ታንኳ ሠሪዎች በሌላ መንገድ ሄደዋል። የደንገል ታንኳ ውሃ እንደሚጠጣ ስለሚታወቅ ከሥራ በኋላ ወደ ዳር ተጎትቶ ይደርቃል። እኔ ይህን ኋላ ቀርነት አልለውም፤ ውሃው ይግባ ብሎ መውጫውን ማዘጋጀትም ምሕንድስና ነው።

አሁን ወደ አናጢው እንመለስ። በጋዝጊብላ አንድ ሰው በመኪና በሚጎተት ተሳቢ ላይ ከኮምፔንሳቶ የመኝታ ክፍል ሊሠራ ተነሣ እንበል፤ ርዝመቱ 3፣ ወርዱና ቁመቱ 1.8 ሜትር። ስድስቱ ገጾች 28 ካሬ ሜትር ያህል ናቸው፤ ውስጡና ውጭው ሲቆጠር 56። ፒየር ካስታን በስዊስ፣ ሲልቫን ግሪንሊ በአሜሪካ ካበለጸጉት ከኢፖክሲ አንድ ሊትር፣ በሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ውፍረት 10 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ስለዚህ ለአንድ ዙር 5.6 ሊትር፣ ለሦስት ዙር 16.8 ይሆናል። ደረቅ እንጨት የመጀመሪያውን ዙር ስለሚጠጣ ለእርሱ ግማሽ ቢጨመር 19.6 ይደርሳል፤ በዕቃና በብሩሽ ላይ ለሚቀረው አንድ አሥረኛ ቢታከል ወደ 22 ሊትር ነው።

በጀቱ የሚሳሳተው አብዛኛውን ጊዜ በሰፊው ገጽ አይደለም፤ በጠርዙና በብሎን ቀዳዳው ነው። የእንጨቱ ጭራ የሚታይበት ጠርዝ እንደ ጭድ ይጠጣል፤ እርሱ ሳይጠግብ ጣራው ሦስት ጊዜ ቢቀባ ዋጋ የለውም። እርጥብ ኮምፔንሳቶ በሁለቱም ገጽ ከታሸገ ደግሞ የላሊበላው ነገር በእንጨት ተደገመ ማለት ነው፤ ብስባሴው ከቅቡ ሥር ሳይታይ ይሄዳል። ስለዚህ ሥራው የበጋ ነው። የመጀመሪያው ዙር የሚቀባውም ሙቀቱ መውረድ ሲጀምር ነው፤ ጠዋት ከተቀባ በእንጨቱ ውስጥ ያለው አየር ፀሐይ ሲያገኘው እየሰፋ ቅቡን በአረፋ ይበሳዋል። የደጋው ሌሊት ቀዝቃዛ በመሆኑ ግን በጣም ካመሸም ኢፖክሲው ሳይጠነክር ያድራል፤ አናጢው የሚተርፉት የከሰዓቱ ጥቂት ሰዓታት ናቸው።